ያልተመዘገበ አደጋ ዕዳው በማን ላይ ነው?

ከእንጦጦ ተራራ ወደ የካ ክፍለ ከተማ የሚወርዱት መንገዶች ገጠርና ከተማ የሚገናኙባቸው ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ሯጮች ዳገቱን ይወጣሉ፤ ረፋድ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከሸክማቸው በታች ጎንበስ ብለው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ ይወርዳሉ። በምሥራቅ በኩል ከደሴና ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በካራ የሚገባው አውራ ጎዳና እህል የጫኑ አይሱዙዎችንና የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሶችን ወደ መገናኛ ያደርሳል። በዓል ሲቃረብ ወደ ሾላና ወደ ካራ ገበያ የሚነዱ በጎችና ከብቶች በዚሁ መንገድ ላይ ይታከላሉ። የተራራው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ቁልቁለቱ የመኪና ፍሬን ይፈትናል፤ በክረምት ደግሞ ጭጋጉና ዝናብ ያራሰው አስፋልት ፈተናውን ያብሱታል።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ የተሰበሰበው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ነው። የተጎጂውንና የቤተሰቡን ቀጣይ ኑሮ የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ አደጋው ፖሊስ ዘንድ ደርሶ ተመዝግቧል ወይስ በመንገዱ ዳር በጥቂት ብርና በመሐላ ተዘግቷል? የአገሪቱ ሕግ ለአደጋ ተጎጂዎች ያዘጋጃቸው መብቶች ጥቂት አይደሉም። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሚያልፉት ግን በአንድ በር ነው፤ እርሱም የፖሊስ መዝገብ ነው። ይህ በር ሲዘጋ ከሁሉ በፊት ውጭ የሚቀረው መኪናም ጠበቃም የሌለው እግረኛ ነው።

በሁለት ቁጥሮች መካከል የጠፉት

የምዝገባው ጉድለት ምን ያህል እንደሆነ ከዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ መረዳት ይቻላል። ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም የመንገድ ደኅንነት ሁኔታ ዘገባ መሠረት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው የመንገድ አደጋ ሞት 4 ሺህ 352 ነበር። ድርጅቱ በራሱ የስሌት ዘዴ የገመተው ደግሞ 27 ሺህ 326 ነው። በሁለቱ መካከል ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ።

ግምት ግምት እንጂ ቆጠራ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ስለሆነም ልዩነቱን በሙሉ ለፖሊስ ካልተነገረ አደጋ ጋር ማያያዝ ትክክል አይሆንም። በአደጋው ቦታ በሕይወት የነበረ ሰው ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት፣ ሞቱ ወደ ትራፊክ መዝገብ ሳይመለስ የሚቀርበት አጋጣሚም አለ። የሆነ ሆኖ የልዩነቱ ስፋት አንድ ነገር ያመለክታል፤ በመንገድ ላይ የሚደርሰውና በወረቀት ላይ የሚሰፍረው እጅግ የተራራቁ ናቸው። የሞት አመዘጋገብ ይህን ያህል ከጎደለ፣ የእግር ስብራት፣ የወገብ ጉዳትና የሞተ በሬ ምዝገባ ከዚያ የተሻለ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ጉድለቱ ከአኃዝም ያልፋል። አደገኛ የሆነ ጠመዝማዛ መንገድ እንዲስተካከል፣ የእግረኛ መሻገሪያ ወይም የፍጥነት መቀነሻ እንዲሠራ የሚወስነው አካል የሚመለከተው በዚያ ቦታ የተመዘገበውን የአደጋ ብዛት ነው። አሥር ጊዜ አደጋ ደርሶበት ሁለቱ ብቻ የተመዘገቡበት ቁልቁለት በዕቅድ ሰነድ ላይ ደኅና መንገድ መስሎ ይታያል።

በመንገድ ዳር የሚደረግ ስምምነት ለምን ይበዛል?

አሽከርካሪው ለፖሊስ ከማሳወቅ የሚሸሽበት የራሱ ምክንያት አለው። እታሰራለሁ፣ መኪናው ለቀናት ይያዝብኛል፣ የዕለት ገቢዬ ይቋረጣል ብሎ ይሰጋል። የሌላ ሰው መኪና የሚነዳ ከሆነ ባለንብረቱ ከሥራ እንዳያሰናብተው ይፈራል። በአካባቢው የተሰበሰበው ሕዝብ እንዳይደበድበኝ የሚል ሥጋትም አለ፤ ይህ ሥጋት ደግሞ ሁልጊዜ መሠረተ ቢስ አይደለም።

ተጎጂውም የራሱ ምክንያት አለው። ለዕለት ጉርሷ እንጨት የምትሸከም እናት ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ የምታጠፋው ቀን ጦም የምታድርበት ቀን ነው። ከገጠር ለገበያ የመጣ አርሶ አደር በማያውቀው ከተማ ከመንገላታት ይልቅ በእጁ የተሰጠውን ገንዘብ ይዞ ወደ ቀየው መመለስን ይመርጣል። "ምንም አልሆንኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለው ቃልም ከልብ ይነገራል። ሰውነት በድንጋጤ ሳለ ሕመሙን እንደሚደብቅ፣ የውስጥ ደም መፍሰስና የጭንቅላት ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ እንደሚችል በዚያች ቅጽበት የሚያስብ ጥቂት ነው።

በዚህ መልክ ሁለቱም ወገኖች ለጊዜው የተገላገሉ ይመስላቸዋል። ሒሳቡ የሚመጣው በማግስቱ፣ እግሩ ሲያብጥ ወይም ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍያ ሲጠይቅ ነው።

ሕጉ ምን ይሰጣል?

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። በመኪና አደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው፣ የሕክምና ተቋማትም ይህን የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። አዋጁ ሲወጣ ለአስቸኳይ ሕክምናው የተቀመጠው ጣሪያ 2 ሺህ ብር፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ ደግሞ 40 ሺህ ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት እስከ 100 ሺህ ብር ተወስኗል። የገንዘቡ መጠን በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከመድን ድርጅቱ መጠየቅ ይኖርበታል።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ማንነቱ ካልታወቀ ወይም መኪናው መድን የሌለው ከሆነስ? አዋጁ ለዚህም የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱ ዛሬ ከመንገድ ደኅንነት ሥራ ጋር ተጣምሮ በአንድ የፌዴራል ተቋም ሥር ይገኛል። ዓላማው የሚጠይቀው ሰው ያጣ ተጎጂ ያለ ካሳ እንዳይቀር ነው። "መኪናው አምልጧል፤ ከእንግዲህ ለፖሊስ ብናገር ምን ይጠቅመኛል?" የሚለው አስተሳሰብ ስለዚህ ስሕተት ነው። ያመለጠ መኪና ያደረሰው ጉዳት ከሁሉ ይልቅ በአስቸኳይ መመዝገብ ያለበት ነው፤ ፈንዱ ሌላ ተጠያቂ ወገን በማያገኝበት ሁኔታ አደጋው በእርግጥ በመኪና መድረሱን የሚያረጋግጠው ዋናው ሰነድ የፖሊስ መዝገብ ነውና።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ተጎጂውን አልዘነጋም። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። አንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የተለየ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ ጉዳቱንም ለባለንብረቶቹ እኩል ያካፍላል። የዚህ ድንጋጌ ትርጉም በተግባር ሲታይ ከባድ ነው። መስመሩን ጠብቆ የሚጓዝ ታክሲ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በከዳው የጭነት መኪና ቢገጭና የአደጋው ቦታ ፕላን ሳይነሳ መኪኖቹ ቢንቀሳቀሱ፣ ጥፋት የሌለበት ባለታክሲ የጉዳቱን ግማሽ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት ካሳ ለመጠየቅ በመርሕ ደረጃ የተሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ ሁለት ዓመት ነው። መድን የገባ ሰው በበኩሉ በንግድ ሕጉ መሠረት አደጋው መድረሱን ካወቀ በአምስት ቀናት ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ዛሬ በመንገድ ዳር "ተስማምተናል" ብሎ የሄደ አሽከርካሪ ከሳምንት በኋላ ክስ ሲደርሰው መድን ድርጅቱ "ለምን በጊዜው አላሳወቅህም?" ሊለው እንደሚችል ማሰብ አለበት።

መቼ ማሳወቅ ይገባል?

ሰው ከሞተ ወይም ከተጎዳ ለፖሊስ ማሳወቅ በተዋዋይ ወገኖች ፈቃድ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ቀላል የመሰለ ጉዳትም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ተጎጂው ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ "ደኅና ነኝ" የሚለውን ቃል እንደ መጨረሻ ምርመራ መውሰድ አይገባም።

ገጪው መኪና ካመለጠ፣ አሽከርካሪው የጠጣ ከመሰለ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም መድን ከሌለው፣ ወይም ሁለቱ ወገኖች በጥፋቱ ካልተስማሙ የጉዳቱ ማነስ ከማሳወቅ አያስቀርም። የመብራት ምሰሶ፣ የመንገድ ዳር አጥርና የመሳሰለ የሕዝብ ንብረት ሲጎዳም እንዲሁ ነው።

በእንስሳት ላይ የሚደርስ አደጋ ለየት ያለ ትኩረት ይሻል። አህያ ወይም በሬ ለአርሶ አደር ንብረት ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያው ነው፤ መኪና ሲገድልበት ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። በአንጻሩ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 የእንስሳው ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ እንስሳው ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ያለ እረኛ በአስፋልት ላይ የተለቀቀ ከብት ለመኪናው መገልበጥ ምክንያት ከሆነ ተጠያቂው ባለከብቱ ሊሆን ይችላል። ባለከብቱም ሆነ አሽከርካሪው የየራሳቸውን እውነት ማስረዳት የሚችሉት ቦታው ሳይነካ ፖሊስ ካየው ነው።

በዕለቱ ያልታወቀ ጉዳት ከጊዜ በኋላ ቢገለጥስ? ዘግይቶ ማሳወቅ ጨርሶ ካለማሳወቅ ይሻላል። ተጎጂው ወደ ሕክምና ሲሄድ ጉዳቱ በመኪና አደጋ የደረሰ መሆኑን ለሐኪሙ መንገርና በሕክምና ማስረጃው ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ አለበት። በዚያው ቀን አደጋው በደረሰበት አካባቢ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ወይም ቤተሰብ ልኮ ቃሉን ማስመዝገብ ይኖርበታል።

እንዴት ማሳወቅ ይገባል?

ከሁሉ የሚቀድመው የሰው ሕይወት ነው። መኪናን ማቆም፣ የአደጋ ምልክት መብራት ማብራት፣ ከኋላ የሚመጡ መኪኖች በርቀት እንዲያዩ የማስጠንቀቂያ ምልክት ማስቀመጥ የመጀመሪያው ተግባር ነው። በእንጦጦ ጠመዝማዛ መንገድ ምልክቱ ከመኪናው አጠገብ ከተቀመጠ ጥቅም አይሰጥም፤ ከመታጠፊያው ማዶ ሊታይ ይገባዋል። የፖሊስ የነጻ ስልክ 991 ነው። ለአምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907፣ የእሳትና የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ደግሞ በ939 ይገኛሉ።

ደዋዩ ሊናገር የሚገባው በቅደም ተከተል ቦታው የት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ በመኪናው ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ሰው መኖሩንና መንገዱ መዘጋት አለመዘጋቱን ነው። "እንጦጦ ላይ" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ተራራው ሰፊ ነው። ከየት ወደ የት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም አደባባይ በምን ያህል ርቀት እንደሆነ መንገር የአምቡላንሱን ጉዞ ያሳጥራል።

ተጎጂውን ወደ ሕክምና ለመውሰድ ካልሆነ በቀር መኪኖቹን ከቦታቸው ማንቀሳቀስ አይገባም። መንቀሳቀሳቸው ግድ ከሆነ አስቀድሞ ከቅርብም ከርቀትም ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የጎማዎቹን ቦታ በጠመኔ ወይም በድንጋይ ማመልከት ይጠቅማል። ፎቶግራፉ የመንገዱን ምልክት፣ የፍሬኑን ሰንበር፣ የተሰባበረውን መስታወትና የሁለቱን መኪኖች ታርጋ ቢያሳይ መልካም ነው። ያመለጠ መኪና ከሆነ ታርጋውን፣ ኮዱንና የክልሉን ምልክት፣ ካልተቻለም ቀለሙን፣ ዓይነቱንና የሸሸበትን አቅጣጫ መያዝ ያስፈልጋል። የእማኞችን ስምና ስልክ መመዝገብም አይዘንጋ፤ የትራፊክ ፖሊሱ እስኪደርስ ድረስ ያየ ሁሉ አይጠብቅም።

ፖሊሱ ሲደርስ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የመድን ማስረጃ ይጠይቃል፤ የቦታውን ፕላን ያነሳል፤ የሁለቱን ወገኖችና የእማኞችን ቃል ይቀበላል። ቃል የሚሰጥ ሰው ያየውንና ያደረገውን ብቻ ይናገር፤ በግምት ጥፋትን አይቀበል፣ በሌላውም ላይ አይለጥፍ። ቃሉ ሲነበብለት አዳምጦ ያልተናገረው ከተጻፈ እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። ከመለያየታቸው በፊት የፖሊሱን ስም፣ ጉዳዩ የተያዘበትን ጣቢያና የመዝገብ ቁጥር መያዝ ይገባል። ያለ መዝገብ ቁጥር የሚሄድ ተጎጂ በኋላ ጉዳዩን ለማግኘት ከበር በር ይንከራተታል።

የየትኛው ጣቢያ ሥልጣን እንደሆነ ማወቅ በዚህ አካባቢ ቀላል አይደለም። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ከተቋቋመ በኋላ ነዋሪው የለመደው ወሰን ተለውጧል። በካራ በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲታለፉ ደግሞ ለገጣፎ ይገኛል፤ ቦታው በኦሮሚያ ክልል ፖሊስ ሥልጣን ሥር ነው። ጉዳዩን የሚይዘው አደጋው የደረሰበት ቦታ ፖሊስ እንጂ የአሽከርካሪው ወይም የተጎጂው መኖሪያ ፖሊስ አይደለም። ከሰሜን ሸዋ ወይም ከወሎ ለገበያ መጥቶ ካራ ላይ የተገጨ ሰው አገሩ ገብቶ ላመልክት ቢል ቦታውን ያየ ፖሊስ አያገኝም።

መሸሽ ምን ያስከትላል?

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 እንደ አሽከርካሪ ያለ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በገንዘብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ አሽከርካሪው ግልጽ የሆነ ሕግ ወይም ደንብ ከጣሰ ወይም ጠጥቶ ከነዳ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። አንቀጽ 575 ደግሞ በአደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ትቶ የሄደን ሰው ይቀጣል። ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ትቶ የሄደው ሰው ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሸሽቶ ያመለጠ አሽከርካሪ በዚህ ስሌት አንዱን ጥፋት ሁለት አድርጎ ይጠብቀዋል።

በሌላ በኩል ሕጉ ለሚቆም ሰው በሩን አልዘጋም። በአንቀጽ 82 መሠረት በሠራው ጥፋት ከልብ የተጸጸተ፣ ለተጎጂው እርዳታ ያደረገ፣ ራሱን ለፍትሕ አካል ያቀረበ ወይም ያደረሰውን ጉዳት የካሰ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። በሕዝብ ቁጣ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ አሽከርካሪ ከቦታው ርቆ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድና እጁን ቢሰጥ ከሸሸ ሰው ጋር አንድ አይሆንም። ልዩነቱ የሚታወቀው የት እንደሄደና ስንት ሰዓት እንደደረሰ በመዝገብ ሲሰፍር ነው።

ሽምግልናስ?

በኅብረተሰባችን ዘንድ ደም ያደርቃል፣ ቂም ይሽራል ተብሎ የሚታመነው ሽምግልና ነው። የሟች ቤተሰብና የአሽከርካሪው ቤተሰብ ታርቀው በአንድ መንደር እንዲኖሩ የሚያደርገው የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻውን አይደለም። ሆኖም ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተረጋገጠ ነገር ሲኖረው ነው። ጉዳዩ በፖሊስ ከተመዘገበ በኋላ የሚደረግ ዕርቅ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ተጎጂው የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ስለ ካሳው ይነጋገራል፣ አሽከርካሪውም መካሱን ለፍርድ ቤት ያሳያል። ከመዝገብ በፊት፣ ተጎጂው ገና ሳይመረመር የሚደረገው ስምምነት ግን አቅም ያለውና አቅም የሌለው በአስፋልት ላይ ቆመው የሚዋዋሉት ውል ነው። የውሉን ዋጋ የሚያወጣው ባለመኪናው ነው።

ኃላፊነቱን ሁሉ በዜጋው ላይ መጫንም ፍትሐዊ አይደለም። የትራፊክ ፖሊስ ቶሎ ካልደረሰ፣ ተጎጂው አንድ ወረቀት ለማግኘት ደጋግሞ ከተመላለሰ፣ የሕክምና ተቋም "መጀመሪያ ክፈሉ" ካለ፣ ሰው ሕጉን ትቶ የመንገድ ዳሩን ውል ቢመርጥ አይደንቅም። የመድን ፈንዱ መኖሩን የከተማ ነዋሪው እንኳ ብዙም በማያውቅበት ሁኔታ የእንጦጦዋ እንጨት ተሸካሚ ታውቀዋለች ማለት አይቻልም። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ዕድሮችና የቤተ እምነት አውደ ምሕረቶች ይህን መረጃ ለማድረስ ከማንኛውም ማስታወቂያ የቀረቡ ናቸው። በገጠር ቀበሌ የክትባት ዘመቻና የማዳበሪያ ሥርጭት የሚነገርበት መድረክ ስለ መኪና አደጋ መብትም ቢነገርበት ወደ ከተማ ለገበያ የሚወርደው አርሶ አደር መብቱን ይዞ ይወርዳል።

የዓለም መንግሥታት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የመንገድ አደጋ ሞትንና ጉዳትን በግማሽ ለመቀነስ ግብ ይዘዋል። ያልተቆጠረን ነገር በግማሽ መቀነስ ግን አይቻልም። ቆጠራው የሚጀምረው በካራ ወይም በኮተቤ ቁልቁለት ላይ መኪናውን አቁሞ 991 ከሚደውል አሽከርካሪ፣ ታርጋውን ከሚይዝ መንገደኛና "ደኅና ነኝ" ብትልም የተገጨችውን እናት ወደ ሕክምና ከሚወስድ ጎረቤት ነው።